ሄብደን ብሪጅ፦ ሰው እንዴት ገደል ውስጥ ከተማ ይቆረቁራል?

አዲስ_መጤ (ሃሊፋክስ)
እሑድ፣ ማታ 3:40

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሃሊፋክስ ከገባሁ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ ደግሞ ሄብደን ብሪጅ በምትባል፣ ከዚህ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ በምትርቅ ትንሽ ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ስለ ሥራው ቅሬታ የለኝም። ግራ ያጋባኝ ቦታው ነው።

ከባቡር ስወርድ ግራ ቀኙ የዛፍ ግድግዳ ነው። ወንዙ፣ ቦዩ፣ ሐዲዱና የመኪናው መንገድ አንዲት ጠባብ የሸለቆ ወለል ላይ ተጣበው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ከእነሱ በተረፈችው ቦታ ላይ ከተማ ተሠርቷል። ቤቶቹ ጥቁር ናቸው፤ መጀመሪያ ያየሁ ቀን እሳት የነካው ሰፈር መስሎኝ ነበር። አንዱን ቤት ከታች ሆኜ ፎቁን ብቆጥር አራት፣ ዞሬ ከላይ በኩል ብመጣ ሁለት! በታኅሣሥማ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ትሸጎጣለች። ሌሊት ለሚሠራና ቀን ለሚተኛ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እስካሁን ያልኩት ማማረር ነው፤ ጥያቄዬ አሁን መጣ። ከምንከባከባቸው አንዲት ዘጠናን ያለፉ እናት አሉ፤ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ከየት ነህ አሉኝ። አፍሪካ ስል ሙቀት እንዳያስቡ ብዬ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ እንደሆንኩ፣ ብርድና ጉም፣ ገብስና በግ ያለበት ደጋ እንደሆነ፣ ወንዙ ሩቅ ገደል ሥር እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንዲያማ ከሆነ አንተ የላይ ሰው ነሃ! እነዚህ ታች ያሉት እኮ መጤ ናቸው» አሉኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ገና ሰባት ወሬ፣ መጤዎቹ ግን የከተማው ፈረንጆች! «የላይ ሰው» ማለት ምንድን ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

ቀዝቃዛ_ቡና (ማንቸስተር)
እሑድ፣ ማታ 4:05

ወንድሜ ብዙ አትመራመር። ቦታው ለፎቶ ነው። አንድ ጊዜ ሄጄ ቡና ወደ አራት ፓውንድ ከፍዬ፣ ዝናብ ደብድቦኝ ተመልሻለሁ። ድሮ የሮማውያን ነው የሚሉት ድልድይ አለ፣ እሱን አየህ ማለት ሁሉን አየህ ማለት ነው። ሃበሻ ፈልጌ አንድም አላገኘሁም።

ካብ_ጠባቂ (ቶድመርደን)
እሑድ፣ ማታ 5:30

ቀዝቃዛ ቡና፣ ድልድዩ የሮማውያን አይደለም። በ1510 አካባቢ በእንጨቱ ድልድይ ምትክ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሰዎች «የሮማ መንገድ» የሚሉት ወደ ማንቸስተር በኩል ብላክስቶን ኤጅ ላይ ያለውን የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ያከራክራል።

አዲስ መጤ፣ እኚያ እናት የአገሩን ታሪክ ባጭሩ ነግረውሃል። አንተ ከባቡር ወርደህ ከተማውን ከታች ወደ ላይ ነው ያየኸው፣ ለዚህ ነው የተምታታብህ። ይህ አገር የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የሸለቆው ወለል ረግረግና ጫካ ነበር፤ ሰው አይኖርበትም። አሁን ከጣቢያው ቀና ስትል የዛፉ ግድግዳ አለ አይደል? ከግድግዳው በላይ፣ ከታች ሆነህ የማታየው፣ እንደ መደብ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ሜዳ አለ። ሰዉ የሰፈረው እዚያ ነው። አጃ ይዘራል፣ ጥቂት ከብትና በግ ያረባል፣ መሬቱ ግን ስስ ነው፣ አያጠግብም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሱፍ ጨርቅ ይሸምናል። ከመደቡ በላይ ደግሞ ሙር የሚሉት ራቁት ገመገም አለ። አፈሩ ፒት ነው፣ የበሰበሰ ሣር ተጠራቅሞ የሆነ ጥቁር አፈር፤ ክረምት ከበጋ ውሃ ያዘለ። በነሐሴ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው ቁጥቋጦ ሄዘር ይባላል፤ የኛ የሰሜን ተራሮች አስታ ዘመድ ነው፣ ቀረብ ብለህ ቅጠሉን ብታይ ታውቀዋለህ።

የላይኛው ዋና መንደር ሄፕተንስቶል ነው። ሄብደን ብሪጅ ያኔ ከተማ አልነበረም፤ የላይ ሰዎች ወደ ማዶው የላይ መንደር ሲሻገሩ ወንዝ የሚያልፉበት ድልድይ ነው። ስሙም እሱኑ ይላል። አጋሰስ ጭነው የሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች ይወርዳሉ፣ ይሻገራሉ፣ ወዲያው ሽቅብ ይወጣሉ። ታች የሚያቆማቸው ነገር የለም። የአጋሰሶቹ የድንጋይ መንገድ ዛሬም አለ፤ አንዳንዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ መካከሉ እንደ ገበታ ጎድጉዷል።

ከዚያ ውሃ ማሽን ማዞር ሲችል ሥራው ወደ ወንዙ ወረደ። ቦዩ በ1804 ተጠናቀቀ፣ በ1841 የማንቸስተርና የሊድስ ባቡር ተገናኘ፣ የድንጋይ ከሰል መጣ፣ ፋብሪካው ታች ተደረደረ። ሰዉም ሥራውን ተከትሎ ወረደ። ላዩ አረጀ፣ ታቹ ከተማ ሆነ። እናትየዋ «መጤ» ያሏቸው ምናልባት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የወረዱትን ነው፤ እዚህ አገር ቂም አይቸኩልም።

ለመጤ ቃል አላቸው፦ «ኦፍካምደን»፣ ከሌላ የመጣ ማለት ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ አሁንም ኦፍካምደን ነኝ። ከማዶው ሸለቆ አግብታ የመጣችው ጎረቤቴም እንደዚሁ።

አዲስ_መጤ
እሑድ፣ ማታ 5:52

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ገና ገባኝ፤ እኛም ዘንድ ቆላ የሚወርደው የቸገረው ነው። ጥቁረቱስ? ድንጋዩ ራሱ ነው?

ካብ_ጠባቂ
እሑድ፣ ማታ 6:10

ጥቀርሻ ነው። ድንጋዩ ሲፈለጥ የማር መልክ አለው። የወፍጮ ድንጋይ የሚሠራበት ሻካራ ድንጋይ ስለሆነ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፦ ሚልስቶን ግሪት። የመቶ ሃምሳ ዓመት የፋብሪካና የምድጃ ጭስ ያንን ሻካራ ፊት ሞልቶት ቀረ። አንዳንዱ ባለቤት አሳጥቦት ቢጫ ሆኗል፤ በጥቁሮቹ መሃል የተላጨ ራስ ይመስላል። እኔ ባይነኩት እላለሁ።

ሽሮሜዳ_77 (ሊድስ)
ሰኞ፣ ጠዋት 1:15

ይህን ክር ሥራ ገብቼ ሻይ ሰዓት ላይ አየሁት፣ ሳልጽፍ አላልፍም። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ልጅ ሆኜ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጬ ቀሰም አጠነጥንለት ነበር። ሄፕተንስቶል መጀመሪያ የወጣሁት በአጋጣሚ ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ ወስዶኝ። አሮጌዎቹ ቤቶች ላይ አንድ ነገር አየሁ፦ ሌላው መስኮት ጠባብ ሆኖ ሳለ የላይኛው ክፍል መስኮት ብቻ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በድንጋይ ዘንግ እየተከፈለ ተደርድሯል። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት መስኮት ተያይዞ። ባልደረባዬ «ያምራል አይደል» አለኝ። ቁንጅናማ ቁንጅና ነው፣ ግን ማንም ሳይነግረኝ ነው የገባኝ፦ ድሩ ሲበጠስ ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል። አባቴ ሁልጊዜ በሩ ሥር የሚቀመጠው ለምን ሆነና።

መላው ቤተሰብ ነበር የሚሠራው። ልጆች ሱፉን ያበጥራሉ፣ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዱ ይሸምናል። አንድ ጥቅልል ጨርቅ «ፒስ» ይባላል፤ እሱን ጭኖ ገበያ መውጣት ነው። ሄፕተንስቶል ውስጥ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጨርቅ መሸጫ አዳራሽ ነበራት። በኋላ ገበያው ወደ ሃሊፋክስ ተጠቀለለ፤ አዲስ መጤ፣ አንተው ከተማ ያለው ፒስ ሆል በ1779 የተከፈተው ለዚሁ ነው። 315 ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱ የነጋዴ ሱቅ ነበር። ዛሬ ሰው አይስክሬም ይበላበታል። አንድ ቀን መካከሉ ቆመህ ዙሪያውን እያቸው፤ የመርካቶ ሸማ ተራ በድንጋይ ቢሠራ እንዲያ ይሆን ነበር።

ታቹ ከተማ ደግሞ ሌላ ጨርቅ ነው ያሳደገው፦ ፈስቲያን። ኮርዶሮይና ሞልስኪን የሚባሉት ወፍራም የጥጥ ጨርቆች ከእሱ ወገን ናቸው። ጨርቁ ተወጥሮ ይታሰርና በረጅም ቀጭን ቢላ የማጉ ቀለበት በመስመር በመስመር ይቆረጣል፤ ጠጉሩ ብድግ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። እጅ ትንሽ ከሳተ ጨርቁ ተቀደደ። ሱሪ እየሰፋች ለአገሩ ስለምታድል ከተማዋን «የሱሪ ከተማ» ይሏት ነበር። ሠራተኞቹ ራሳቸው በ1870 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ነትክላፍ የሚባለውን ፋብሪካ ያዙ፤ እስከ 1918 በእጃቸው ነበር። ሕንጻው አልፈረሰም፣ አሁን የድምፅ መቀላቀያ መሣሪያ ይሠራበታል።

ቀዝቃዛ_ቡና
ሰኞ፣ ጠዋት 3:00

ሽሮሜዳ ጥሩ ጽፈሃል። ግን ሱሪ ሰፊው የት አለ? አሁን ያሉት እኮ ከለንደን የመጡ ሠዓሊዎችና ዮጋ አስተማሪዎች ናቸው። ኪራዩን ጠይቁ!

እሙ_ናታን (ሄብደን ብሪጅ)
ሰኞ፣ ቀን 7:20

ቀዝቃዛ ቡና፣ ሃበሻ አጣሁ ያልከው እኔ ቤት ስላልመጣህ ነው። ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ።

ኪራዩ እውነት ነው፣ አልዋሽም። ግን ታሪኩን ገልብጠኸዋል። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ሰዉ ለቆ ሄደ፣ ቤት በነፃ ማለት ይቻላል ሆነ። በ1970ዎቹ ጠጉራም ወጣቶች መጥተው ባዶ ቤት ገቡ። ሰዓሊ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሌላ ቦታ ሰላም ያጡ ሴት ጥንዶች... ከተማዋን ያዳኗት እነሱ ናቸው፤ አለዚያ ብዙው ቤት ሊፈርስ ነበር። ያስወደዷትም በኋላ ያው እነሱ ናቸው። ማንም ለምን እዚህ መጣሽ ብሎኝ አያውቅም። የአውቶቡስ ሹፌሩ «ላቭ» ብሎ ይጠራኛል፤ መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፣ በኋላ ስሰማ ጺማሙን ግንበኛም «ላቭ» ይለዋል።

አዲስ መጤ፣ ስለ ቤቱ እኔን ጠይቀኝ። እኔ የምኖረው ከአራቱ ፎቅ የታችኛው ሁለት ውስጥ ነው። ዳገቱ ቤት ጎን ለጎን ስለማያሠራ አንዱን ቤት በሌላው ራስ ላይ ሠሩት። እኔ በታችኛው መንገድ እገባለሁ፣ ከላዬ ያለችው ደግሞ በላይኛው መንገድ ትገባለች። አድራሻችን ለየብቻ፣ ጎዳናችን ለየብቻ። ጀርባዬ አፈር ነው፣ መስኮት የለም፤ የጓዳዬ ግድግዳ በክረምት ያልበዋል፣ ልብስ አይደገፍበትም። ጣሪያዬ የእሷ ወለል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እግሯን እየሰማሁ ፊቷን አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከፊቴ ያለችው ሴት አካሄድ... እግሯን አወቅሁት። አንድ ተረከዟን ትጎትታለች። ጠየቅኳት፣ እሷ ናት! አሁን ድፎ ስጋግር ታንኳኳለች፤ ወለሉን።

የንብረቱ ሕግ ግን ራስ ምታት ነው፤ ያንተ መሬት ላይ ያለው የሌላ ሰው ቤት ስለሆነ ባንኮች ብድር ሲሰጡ ይጠነቀቃሉ። ለመግዛት የምታስቡ ጠበቃ ሳትይዙ እንዳትሞክሩት።

የማርያም_ባርያ (ብራድፎርድ)
ሰኞ፣ ቀን 9:45

እሙዬ ስለ ጎርፉ ንገሪያቸው እንጂ።

እሙ_ናታን
ሰኞ፣ ማታ 2:10

ስለ እሱ መጻፍ አልወድም፣ ግን እሺ።

ከእኔ በፊት ትልቁ በ2015 ነበር፣ በገናቸው ማግስት፣ ታኅሣሥ 26። እኔ የደረሰብኝ የካቲት 9 ቀን 2020 ነው፣ እሑድ። ሊድስ ቤተክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ነበርኩ። ሳይረን ጮኸ። የጦርነት ሳይረን ነው የሚመስለው፣ ሸለቆው ደግሞ ድምፁን ያስተጋባዋል፣ ከየት እንደሚመጣ አታውቂም። ቤቴ ዳገቱ ላይ ስለሆነ አይደርስብኝም፤ የምሠራበት ሱቅ ግን ታች ነው። ስደርስ ወንዙና መንገዱ አንድ ሆነዋል። ወንዙ ቡና መልክ ነበር፣ ልክ እንደ ጀበና ግርፍ። የቆሻሻ መጣያ ገንዳዎች ተንሳፈው እየተላተሙ በዋናው መንገድ ይወርዳሉ።

ውሃው ማታውኑ ጎደለ። ከውሃው የሚብሰው የሚተወው ነው፦ ጭቃ፣ ናፍጣ፣ ሽንት ቤት። ማንም ሳይጠራው ሰው በመጥረጊያና በአካፋ መጣ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጭቃ ስጠርግ አንድ ሽማግሌ የጎማ ቦቲ አምጥተው ሰጡኝ፤ ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል፣ እስከ ዛሬ አለ።

ሱቆቹ ዛሬ ብታዩ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ከወገብ በላይ ነው የተገጠመው፣ ወለሉ ድንጋይ ወይ ሸክላ ነው፣ ምንጣፍ የለም። ሰዉ እንደገና እንደሚመጣ አውቆ ነው የሚኖረው።

ካብ_ጠባቂ
ሰኞ፣ ማታ 3:25

እሙዬ ያለችው ላይ ምክንያቱን ልጨምር። ከላይ ያለው ፒት ጤነኛ ሲሆን ውሃ ይይዛል፣ በተለይ ስፋግነም የሚባለው እንደ ስፖንጅ የሚመጠው ተክል ሲኖርበት። የፋብሪካው ጭስ ያንን ተክል ገደለው። ከዚያ ደግሞ መሬቱን ለማድረቅ ቦይ ተቀደደበት፣ ለአደን የሚሆነው ግራውስ የሚባል ወፍ ለጋ ሄዘር እንዲያገኝ ቁጥቋጦው ይቃጠላል። በዚህ ላይ ታች ያሉ ሰዎችና ላይ ያሉ የአደን መሬት ባለቤቶች ዛሬም አልተስማሙም። እኔ በበኩሌ ከታቾቹ ጋር ነኝ፤ ግን እሳቱን ብታቆመው ጎርፉ ይቀራል ማለት አይደለም። ሸለቆው ቁልቁል ነው፣ ዝናቡ ብዙ ነው።

እኛ በጎ ፈቃደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሃርድካስል ክራግስ ጫካ ውስጥ ትንንሾቹ ጅረቶች ላይ ግንድ እያጋደምን እናስራለን። ውሃውን አይገድበውም፣ ያዘገየዋል ብቻ። በጋ ላይ ብታየው «ይሄ ምን ይሠራል» ትላለህ፣ ግንዱ ውሃውን አይነካውም። ዶፍ ሲመጣ ነው የሚነካው። ቦታውን ሂዱና እዩት፤ በ1800 አካባቢ የተሠራ ጊብሰን ሚል የሚባል በውሃ የሚዞር የጥጥ ፋብሪካ አለ፤ ፋብሪካነቱ ሲቀር የዳንስና የስኬቲንግ አዳራሽ ሆኖ ነበር። መንገዱ ዳር የጉንዳን ክምር ታያላችሁ፣ ከጥድ ቅጠል የተከመረ፣ እንደ ትንሽ ጎጆ። እንዳትቀመጡበት። እኔ ተቀምጬበት አውቃለሁ።

ስሜን ለጠየቃችሁኝ፦ አዎ፣ ካብ እክባለሁ። ሲሚንቶ የለም፣ ጭቃ የለም። ሁለት ፊት ጎን ለጎን እያቀረብክ ትወጣለህ፣ ወደ ላይ እየጠበበ። መካከሉን በትንንሽ ድንጋይ ትሞላለህ፣ በአካፋ አይደለም፣ አንድ በአንድ በእጅ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ታጋድማለህ። አናቱን ድንጋይ በጎኑ እያቆምክ ትዘጋለህ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሕጋቸው አንድ ነው፦ ያነሳኸውን ድንጋይ መልሰህ አታስቀምጥ፣ ቦታ ፈልግለት። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሜትር እንኳ አልሞላልኝም።

የማርያም_ባርያ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:30

እኔ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ላምጣ። ሄፕተንስቶል ላይ በስቅለታቸው ቀን ቅዱስ ጊዮርጊስ እንደሚወጣ የምታውቁ አላችሁ? ፔስ ኤግ የሚባል የድሮ ጨዋታ ነው። በመንደሩ አደባባይ ላይ፣ ወረቀትና ሪባን የተንጠለጠለበት ልብስ ለብሰው፣ በእንጨት ሰይፍ። ጊዮርጊስ ቦልድ ስላሸር ከሚባለው ተዋጊ ጋር ይዋጋል፣ ከግብፅ ንጉሥ ጋር ነገር አለው፣ የተገደለው ይወድቃል፣ ሐኪም ይመጣል፣ ጠርሙስ ያጠጣዋል፣ ይነሳል። ቶስ ፖት የሚባለው ቧልተኛ ቅርጫት ይዞ ሳንቲም ይለምናል።

በ2024 ሄጃለሁ፤ የኛ ጾም ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ሕዝቡ ጢም ብሎ፣ ዝናቡ ካፊያ፣ ፈረንጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ጊዮርጊስ ሲባል እጄ ሳላስበው ለማማተብ ተነሳ፤ አጠገቤ ያለው ልጅ ጉድ ብሎ አየኝ። በ2025 ግን ስቅለታችንና ስቅለታቸው በአንድ ቀን ዋለ፤ እኔ ስግደት ላይ ነበርኩ፣ አልሄድኩም።

እዚያው መንደር በአንድ ግቢ ሁለት ቤተክርስቲያን አለ። የድሮው ቶማስ ቤኬት በሚሉት ሰማዕታቸው ስም በ1260 አካባቢ የተመሠረተ ነው፤ በ1847 አውሎ ነፋስ ጎዳው፣ አዲሱን ሠርተው በ1854 ገቡ፣ አሮጌውን ግን አላፈረሱትም። ጣሪያ የለውም፣ ሣር በቅሎበታል። ግቢው የመቃብር ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ሌላ መሄጃ ስለሌለ ስም እየረገጡ ነው የሚሄዱት። እኔ ከበደኝ፣ ዳር ዳሩን ዞርኩ።

ቀዝቃዛ_ቡና
ማክሰኞ፣ ቀን 6:40

እዚያ ግቢ ውስጥ የሌባ ንጉሥ ተቀብሯል የሚባለው እውነት ነው?

ካብ_ጠባቂ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:05

እውነት ነው፣ ዴቪድ ሃርትሊ። ማይትመሮይድ ከሚባለው የጎረቤት መንደር በላይ ክራግ ቬል የሚባል ጠባብ ሸለቆ አለ፤ እዚያ ያሉ ሸማኔዎችና ገበሬዎች የወርቅ ሳንቲም ዳር ዳሩን እየቆረጡና እየሞረዱ፣ ፍርፋሪውን አቅልጠው የፖርቱጋል ሳንቲም አስመስለው ይቀጠቅጡ ነበር። አለቃቸውን «ንጉሥ ዴቪድ» ይሉታል። የሸማ ገበያው የተዳከመበት ጊዜ ስለነበር ሰዉ ሳንቲሙን አበድሮ ትርፍ ይካፈል ነበር ይባላል። አንድ የመንግሥት መኮንን ሊይዛቸው ሲከታተል በኅዳር 1769 ሃሊፋክስ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ሃርትሊ በሚያዝያ 1770 ዮርክ ላይ ተሰቀለ። መቃብሩ ላይ ዛሬ ጎብኚ ሳንቲም ያስቀምጣል። አይገርምም? ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ባለው መቃብር ደግሞ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ሲልቪያ ፕላዝ አለች፣ በ1963 የሞተችው፤ እሷ ዘንድ የሚቀመጠው እስክሪብቶ ነው። ባሏ ቴድ ሂዩዝ የማይትመሮይድ ተወላጅ ነበር።

ሽሮሜዳ_77
ማክሰኞ፣ ቀን 8:15

ሄብደን ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በድሮው እንግሊዝኛ «የቀጋ ሸለቆ» ነው ይላሉ፤ እሾሃም እንጆሪ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ቀጋውን መርጫለሁ። ልጅ ሆነን እንጦጦ ሥር ለቅመን የምንበላው ቀጋ።

እሙ_ናታን
ማክሰኞ፣ ቀን 9:00

ምግብ ካነሳችሁማ፣ በጸደይ ወቅት ሳማ ይበላሉ! ዶክ ፑዲንግ ይሉታል፦ ዶክ የሚሉትን ቅጠል ከሳማና ከሽንኩርት ጋር ቀቅለው በአጃ ያጠብቁታል፣ ከዚያ በአሳማ ስብ ይጠብሱታል። ማይትመሮይድ ላይ ውድድር አለው። እኔ ስቡን ትቼ በዘይት ሠራሁት፣ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። ጎረቤቴ ቀመሰችና ውሃ ጠየቀች።

አዲስ_መጤ
ዓርብ፣ ቀን 8:30

ወጣሁ!

ዛሬ ጠዋት ከፈረቃ ስወጣ እንቅልፌ ጠፋ፤ ጣቢያ በመሄድ ፈንታ ድልድዩን ተሻግሬ በትረስ የሚባለውን ያዝኩ። ይሄ መንገድ አይደለም፣ የኮብልስቶን ግድግዳ ነው። ዝናብ ስለነበር ድንጋዩ ሳሙና ሆኗል። ሦስት ጊዜ ቆሜ ተነፈስኩ፤ በሦስተኛው አንዲት ነጭ ጠጉር ሴትዮ ውሻ ይዛ «ኤይ አፕ ላቭ» (የአገሩ ሰላምታ ነው) ብላ አለፈችኝ፣ ሽቅብ፣ እያወራች። ደጋ ነው ያደግኩት ብዬ ለማን ልናገር?

ላይ ስደርስ ጉሙ ቀረ። ከበላዬ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጉሙ ታች ሸለቆው ውስጥ እንደ ወተት ሞልቷል። ከተማው የለም። ሐዲዱ የለም። የሚታየው ወዲህ ይህ መንደር፣ ማዶ ሌላው መደብ፣ በካብ ተቆራርጦ፣ በግ ነጠብ ነጠብ ብሎበት፤ ከሩቅ ገመገሙ ላይ ደግሞ አንድ የቆመ ጣት። ጣቢያ ስጠይቅ ስቱድሊ ፓይክ ነው አሉኝ። ጋሼ ስለ እሱ ምንም አላልክም! ባቡሩ ፉጨቱን ሲያሰማ ከእግሬ ሥር ከጉሙ ውስጥ ነው የመጣው። ይህን እኔ አውቀዋለሁ። ቤታችን ጓሮ ቆሜ የቆላው ውሻ ሲጮህ እንደምሰማው ነው። ትንሽ ተቀመጥኩ፣ የሰው ካብ ላይ።

ሽሮሜዳ፣ መስኮቶቹን ቆጠርኳቸው። አንዱ ቤት ስምንት አለው።

ካብ_ጠባቂ
ዓርብ፣ ቀን 9:10

ካብ ላይ አይቀመጥም! ለዛሬ ምሬሃለሁ።

ፓይኩ የናፖሊዮን መሸነፍ መታሰቢያ ሐውልት ነው። የመጀመሪያው በ1815 ያለቀ፣ በ1854 ፈረሰ፤ ሰዎች የሩሲያ አምባሳደር ከክራይሚያ ጦርነት በፊት ለንደንን ለቆ በወጣበት ቀን ነው የወደቀው ይላሉ። ያሁኑ የ1856 ነው፣ 37 ሜትር። ውስጡ 39 ደረጃ አለው፣ ድቅድቅ ጨለማ፤ ባትሪ ያዝ።

ቀዝቃዛ_ቡና
ዓርብ፣ ቀን 10:00

እኔ ያማረርኩትም ብሆን ቅዳሜ ሰው ካለ እመጣለሁ። ቦዩን ይዤ ከማንቸስተር በእግር እመጣለሁ እያልኩ ስፎክር ስንት ዓመቴ። በ1952 ተዘግቶ በ2002 ነው ሙሉ በሙሉ የተከፈተው አሉ፣ 51 ኪሎ ሜትር። በባቡር እመጣለሁ በቃ።

እሙ_ናታን
ዓርብ፣ ማታ 1:30

ቡናው እኔ ቤት፣ በነፃ። አዲስ መጤ፣ ለእናትየዋ ነገርካቸው ወይ?

አዲስ_መጤ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 1:50

ሌሊት ነገርኳቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ነፋሱ ከየት በኩል ነበር?» ከምዕራብ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያው ነገ ልብስ አይሰጣም» ብለው ተኙ። የተኙት እስከ ንጋት ነው፤ ከገባሁ ወዲህ እንዲህ ሲተኙ አላየኋቸውም።

እውነትም አሁን እየዘነበ ነው። እሙዬ፣ ስንት ሰዓት እንምጣ? ደግሞ ያ ትልቅ ቦቲሽ ቁጥሩ ስንት ነው? የእኔ ስኒከር ከትናንት ጀምሮ አልደረቀም።